የነጩ ጋውን ትርፍ

ይድረስ፣ ዓይኗን ከመርፌ ልቧን ከእኔ ለማትነቅለው እናቴ።

እማዬ፣ ወገብሽ እንዴት ነው? የላክሁልሽን የወንበር ትራስ ትጠቀሚበታለሽ ወይስ አሁንም ደንበኛ በመጣ ቁጥር ለእሱ እየሰጠሽ አንቺ እንጨቱ ላይ ትቀመጫለሽ? ዓይንሽስ? ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ከመሸ በኋላ አትስፊ ስልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደግሜ ብያለሁ። እኔ አካሌ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፀጉሬም እንደፈራሽው አልረገፈም። የቀረውን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ሱቁን ዘግተሽ፣ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትዪ ይሆናል። እማዬ፣ አንቺ ስትደውዪ እኮ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚደውለው። እጅሽ ሥራ ላይ ስለሆነ ድምፁን ትለቂውና ከስፌት መኪናው አጠገብ ታስቀምጪዋለሽ፤ ገና ሃሎ ሳልል ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ዶክተር እንዴት ነሽ ይለኛል። ባለፈው የሻይ ቤቱ ባለቤት ስለ ጉልበቱ አማከረኝ። አከራያችን ደግሞ የሆዳቸውን ቁርጠት ከመነሻው እስከ መድረሻው አስረዱኝ። ምን ልበላቸው? ውሃ ይጠጡ አልኳቸው። ሲሻላቸው ጊዜ ይቺ ልጅ ገና ሳትጨርስ እንዲህ ካደረገች ስትጨርስ ምን ልትሆን ነው እያሉ አወሩ አሉ። ውሃ በሠራው እኔ ተመሰገንኩ።

ይሄ ሁሉ የመጣው በዚያች ፎቶ ነው። ከቤት ስወጣ ሕክምና ለጥቂት አምልጦኝ የደረሰኝ የአፈር ሳይንስ እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። እዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት በራሱ ስንቱን የሚያስለቅስ ነገር ስለሆነ እሱንም ተመስገን ብለን ተቀበልን። አንቺ ግን ወዲያው ነጭ ጨርቅ ዘረጋሽ። ከሳይንስ ተማሪዎች ሁሉ በልጦ አንደኛ ዓመትን የጨረሰ፣ ሕክምና ውስጥ ወንበር ከተለቀቀ መቀየር ይችላል ሲሉ ሰምተሽ፣ እኔ ሻንጣ ሳልገዛ ጋውን ሰፋሽልኝ። ከግርጌው ስንዝር የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጠፍሽ፣ ከእጅጌውም እንዲሁ። ትምህርቱ ረጅም ነው፣ ገና ትረዝሚያለሽ፣ እየለቀቅሽ ትለብሺዋለሽ አልሽኝ። ትርፍ እንደማትቆርጪ መቼም ደንበኞችሽ ሁሉ ያውቃሉ። ትርፉ ውስጡ እስካለ ልብሱ ለማንም ይሆናል፣ ከተቆረጠ ግን የአንድ ሰው ነው ትያቸዋለሽ።

ታዲያ የአፈር ላቦራቶሪም ነጭ ጋውን ያስለብሳል። ፎቶዋን የተነሳሁት እዚያ ነው። በእጄ የያዝኩት ረጅም ብርጭቆ፣ አፈር በውሃ በጥብጠን የትኛው ቀድሞ እንደሚዘቅጥ የምናይበት ነው። አንቺ ፎቶዋን ከመኪናሽ በላይ ሰቀልሻት። የሚቀጥለውን ራስሽ ነሽ እየሳቅሽ የነገርሽኝ፤ አንዷ ደንበኛሽ ቀና ብላ አየችና ይሄ የማን ሽንት ነው ብላ ጠየቀች፣ አንቺ ደግሞ እስፒል በከንፈርሽ ይዘሽ ስለነበር መልስ አልሰጠሻትም። በዚያው ዶክተር ሆኜ ቀረሁ። እስቲ አሁን ያንን የሚያህል ሽንት ማን ይሸናል፣ እማዬ?

ብቻ እኔም እዚህ ሌላ ጣጣ ውስጥ ገባሁ። ከአፈር ለመውጣት ብዬ አፈር ሳጠና ከረምኩ። ለመቀየር አንደኛ መውጣት ነበረብኝ፣ አንደኛ ለመውጣት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ማወቅ፤ እንዲህ ስል ሳላስበው ወደድኩት። መምህራችን ኮሌታቸው የነተበ፣ ጥፍራቸው ሁልጊዜ ጭቃ የያዘ ሰው ናቸው፤ ተማሪው ጭቃ ሹም ይላቸዋል። እርጥብ አፈር ያስይዙንና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እያሸን ስንቱ አሸዋ፣ ስንቱ ሸክላ እንደሆነ ሳንመዝን ንገሩኝ ይሉናል። የመጀመሪያው ቀን ሌላው ሁሉ ሲስት እኔ ልኩን ተናገርኩ። የት ተማርሽው ሲሉኝ እናቴ ጋ ልላቸው ምንም አልቀረኝም። አንቺ እኮ ጨርቅ ተራ ስንሄድ፣ ነጋዴው ንጹሕ ጥጥ ነው ብሎ ሲምል፣ በሁለት ጣትሽ አሸት ታደርጊውና ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ። እኔም ከኋላሽ እየተከተልኩ አሽ ነበር። አንደኛ ያደረገችኝ ያቺው ጣት ናት።

አዎ፣ አንደኛ ወጣሁ። ዘንድሮ ሕክምና ውስጥ የተለቀቀው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ እሱ ለእኔ ደረሰኝ። እስከ ሐሙስ ሬጅስትራር ቀርቤ ካልፈረምኩ ለሁለተኛዋ ያልፋል ተባለ። ሁለተኛዋ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ ከማጠሯ የተነሳ ድንቢጥ የምንላት። ልብስ ስታጥብ የአጥንት ስም ታነበንባለች፤ አንዱን ካልሲ እያሸች ከእግር ጣት ተነስታ ዳሌ ላይ ትደርሳለች። ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ከሁሉ ቀድማ አቅፋ እንኳን ደስ አለሽ ያለችኝ እሷ ናት። ከዚያ ገና በዋዜማው ያጠበችውን ልብስ ሰብስባ እንደገና ልታጥብ ወረደች። ደረጃው ላይ ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ያን ቀን የአጥንት ስም አልጠራችም።

ጭቃ ሹም ዘንድም ሄጄ ነገርኳቸው። ወንፊታቸውን ሳያስቀምጡ፣ ጥሩ ነው፣ ጎበዞቹ በየዓመቱ ይሄዱብኛል፣ እኔ ጋ የሚቀረው መሄጃ ያጣ ነው አሉኝ። ቅሬታ አልነበረውም አነጋገራቸው፤ እንደለመደ ሰው ነው ያሉት። እኔን ግን ከቁጣ በላይ አመመኝ። ትሪዎቹ ላይ የተሰጣውን አፈር፣ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩበትን ምልክት እያየሁ ትንሽ ቆምኩና ወጣሁ።

ከዚያ ነው ላንቺ የደወልኩልሽ። አንደኛ ወጣሁ ከማለቴ እልልታሽ ስልኩን ሰነጠቀው። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተቀበለሽ። ያ ሁሉ ጫጫታ በረድ እስኪል ጠብቄ፣ ግን እማዬ አፈሩም እኮ ብዬ ጀመርኩልሽ። አላስጨረስሽኝም። አፈር ስሆንልሽ ልጄ፣ ከዚያ አፈር ውጪልኝ አልሽኝ። ሰዎቹ ሳቁ። አንቺ አልሳቅሽም፤ ምን እንዳልሽም ልብ አላልሽም። እኔ እሺ ብዬ ዘጋሁት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ሳምንት ተናድጄብሽ ነበር። ታፈንኩ፣ እማዬ። ገና በሩን ሳልደርስበት በስሜ የተሠራ ቤት ውስጥ ገብቼ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደህና መጣሽ እያለ ከውጭ የቆለፈብኝ ይመስለኝ ነበር። ሕክምና ብገባ የምወደውን አንድ ነገር አገኘሁ ባልኩ ማግስት ልጥለው ነው። አልገባም ብል ደግሞ አንቺ ነገ ሱቅሽን ስትከፍቺ ያ ሁሉ ሰው ምን ይልሻል? ፎቶዋን ታወርጃታለሽ? የወረደችበት ቦታ ባዶውን ሲታይ ምን ትያቸዋለሽ?

ከሰዉ ወሬ በላይ የያዘኝ ግን ያ በር ነው። አባዬ የታመመ ጊዜ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን የጠበቅንበት በር። ሐኪሙ ሲወጣ አንቺ ተነሳሽ፤ እሱ ለነርሷ በማይገባን ቋንቋ አንድ ነገር ተናግሮ በአጠገብሽ አለፈ። ምን አለ ብለሽ የጠየቅሽው እኔን ነው። እኔ ልጅ፣ ምን አውቄ? ቁጭ አልሽና እጄን ይዘሽ፣ አንድ ቀን ከዚህ በር የምትወጪው አንቺ ትሆኛለሽ፣ ያኔ እንደ እኔ ለተቀመጠችው ቆመሽ ንገሪያት አልሽኝ። አንቺ ዶክተር የምትፈልጊው ለሰፈር እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ይህን ባላውቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ አለ። አባዬን የቀበርን ቀን ዘንቦ ነበር፤ ታስታውሻለሽ፣ አፈሩ አካፋው ላይ እየተጣበቀ ሰዎቹ በእግራቸው ነበር የሚያራግፉት። ለቀስተኛው ሁሉ አፈሩ ይቅለለው ይልሻል። ያ አፈር ዋልካ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካጠናናቸው ሁሉ እንደሱ የከበደ አላየሁም። ይህን የተማርን ቀን ከክፍል ወጥቼ አለቀስኩ። ተመልሼ ስገባ ጭቃ ሹም ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት እንዲህ ያለው አፈር ምን ሲቀላቀልበት ቀለል እንደሚል ነበር። ያ ሁሉ ሰው የተመኘለትን ነገር እኔ በእጄ ልሠራለት እችላለሁ ማለት ነው። ለእረፍት ስመጣ አብረን እንሄዳለን፤ አካፋውን እኔ እይዛለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሬጅስትራር ሄድኩ። ጋውንሽን ለብሼ ነው የሄድኩት። ወረፋው ረጅም ነበርና እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስጠብቅ፣ ከስፌቱ ጥግ የቀረች የአፈር ፍርፋሪ አገኘሁ። ሳላውቀው ሳሻት ቆየሁ። ከዚያ ወረፋዬን ለኋላዬ ሰው ለቅቄ ወደ ዶርም ተመለስኩና ድንቢጥን ከልብስ ማጠቢያው አስነስቼ፣ እጇን እንኳ ሳታደርቅ፣ ይዣት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ የተባባልነውን በአካል ስንገናኝ እነግርሻለሁ። አንድ ቃል ግን አስገብቻታለሁ። ከየትኛውም በር ስትወጪ አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ሴት ካለች፣ ቆመሽ፣ በሚገባት ቋንቋ ንገሪያት አልኳት። እናትሽ ናት ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

አሁን የስፌት ነገር ላማክርሽ። ጋውኑ ለድንቢጥ ትከሻው ሰፋባት፤ ከጀርባ በኩል ሁለት ቦታ ሰብሰብ አድርጌ በእጄ ሰፍቼዋለሁ፣ ሳየው አልከፋም። የኪሱን ነጠብጣብ በሎሚ አስለቀቅሁት። ያስቸገረኝ ርዝመቱ ነው። ወደ ውስጥ ሳጥፈው ያንቺ ትርፍ ላይ የእኔ ተጨምሮ ግርጌው ወፍሮ ቆመ፤ ስትራመድ እግሯን ይመታታል። ሰኞ ጠዋት ሕክምና ክፍል ሰው ፊት ለብሳው ስለምትገባ እንደዚያ ልልካት አልፈለግሁም። መቀስ ተዋስኩ። እማዬ፣ የግርጌውንም የእጅጌውንም ትርፍ ቆረጥኩት።

መልስ ለመጻፍ አትጨነቂ። ስልክም ለጊዜው ይቅርብን፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ አንቺ ዝም ብትዪኝ አልችለውም። ስትቆጪ መኪናውን ፈጥነሽ እንደምትረግጪ አውቃለሁና ቀስ በዪ፣ ጣትሽን እንዳትወጊ። ንዴትሽ በረድ ያለ ቀን ግን፣ ከመደርደሪያው ሥር ከተረፉት ውስጥ ቡናማውን ወፍራም ጨርቅ አውጪው። ጭቃ የማያሳይ፣ ኪሱ ጥልቅ የሆነ ጋውን ስፊልኝ። ከደረሰኝ መልስሽ ይገባኛል፤ ካልደረሰኝም ይገባኛል። ልኬን ታውቂዋለሽ። ትርፍ አትተዪለት።

እጅሽን አይድከመው፤ ዓይንሽን ብርሃን አይለየው። በሩን ከፍተሽ የምትቀመጪባት ያቺ ሱቅ ሰላም ገብቶባት ሰላም ይኑርባት። አምላክ ቀን አውጥቶልን ፊትሽን ለማየት ያብቃኝ።

ከኋላሽ እየተከተለች ጨርቅ የምታሸው ልጅሽ