በሃምሳ ሁለት እጥፍ ፍጥነት ስለተጻፈው የእናቴ ሲዲ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን። የእናቴ ሲዲ ዛሬም አልተከፈተም።

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የምርመራ ምስል ክፍል ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ሙሉ ጤና የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ከታመሙ የእርስዎም ምስል በዚሁ ክፍል መጻፉ አይቀርምና፣ ይህን ለጠላቴም አልመኝም።

1. በመስኮቱ ላይ «አገልግሎታችን 52 እጥፍ ፈጥኗል» የሚል ማስታወቂያ ስላስለጠፉልን እናመሰግናለን። ቁጥሩን ያገኙት ከአዲሱ ሲዲ መጻፊያ ግንባር ላይ መሆኑ ይታወቃል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው መሣሪያው ከተራ ዘፈን ማጫወቻ ቢበዛ ስንት እጥፍ ሊፈጥን እንደሚችል ነው፤ እዚያ የሚደርሰውም ሲዲው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ጽሑፉ የሚጀምረው ደግሞ ከመሃል ሲሆን፣ የእናቴ የራስ ቅል ምስል ትንሽ በመሆኑ እዚያው መሃል አካባቢ ያልቃል። 52 የሚባለውን ፍጥነት እናቴም ሆነች እርስዎ ደርሳችሁበት አታውቁም።

2. ከዚህ ባነሰ ፍጥነት የጻፈ ሠራተኛ ሥራ እንዳጓተተ ይቆጠራል የሚለው መመሪያዎ በጥብቅ እየተሠራበት ነው። አንድ ሠራተኛ፣ ማንነታቸውን አልገልጽም፣ ቀስ አድርገው ቢጽፉልኝ ደስ እንደሚላቸው፣ ኮምፒውተሩ ግን በከፍተኛው ፍጥነት ላይ እንደተቆለፈ፣ የተጻፈውን መልሶ የሚፈትሸውም ነገር ጊዜ ይፈጃል ተብሎ እንደተዘጋ ነግረውኛል። የምትገዙት ርካሽ ሲዲ ይህን ሩጫ አይችለውም፤ በችኮላ የተጻፈበትን ሌላ ማንበቢያ አያነበውም። እንቁላል እንኳ በእግሩ የሄደው ቀስ ብሎ ነው።

3. በሦስተኛው ፎቅ ያሉት የቀዶ ሕክምና ሐኪም አሮጌ ማንበቢያ ሲዲውን ትንሽ አጉረምርሞ ይተፋዋል። ሐኪሙ ምስሉን ሳያዩ ራስ ቅል እንደማይከፍቱ ነግረው ወደ እናንተ ይሰዱኛል፤ ልክ ናቸው። የእርስዎ ክፍል ደግሞ እኛ ጋ ይከፈታል፣ ጥፋቱ የፎቁ ነው ብሎ ወደ እሳቸው ይመልሰኛል። ምስሉን በፍላሽ መውሰድ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ ተከልክሏል፤ ሐኪሙ ወርደው እንዳያዩም ክፍሉ ከራሱ ሠራተኞች በቀር ማንንም አያስገባም። ደረጃውን የሚያጸዱት ሴትዮ ከመመላለሴ ብዛት ዶክተር ብለው ሊጠሩኝ ጀምረዋል።

4. በዚህ መሃል የእናቴ ቀኝ ዓይን ማየት አቁሟል። ትናንት፣ ምስሉ ከጠፋ በራሷ ውስጥ ያለው እጢም አብሮ ጠፍቶ እንደሆነ ጠይቃኛለች፤ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቄ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። ምስሉ እስከ ዛሬ ቀትር ካልቀረበ አልጋዋ ለሌላ ታማሚ ይሰጣል ተብለናል።

ደቂቃ አትርፈውልን ሳምንታት ስላስከፈሉን ምስጋናዬ ወደር የለውም።

አድራሻው በምድር ቤቱና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ የሆነ፣ ለክቡርነትዎ እጅ የሚነሣ የአንዲት ታማሚ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እጢው ማስታወቂያ አያነብምና፣ እስከሚቀጥለው ሲዲ ድረስ እንዳያድግ በፊርማዎ አንድ መመሪያ ያውጡለት። ይህን ስጽፍ ተራዬ ደርሶ አዲስ ሲዲ በመስኮቱ ተዘርግቶልኛል፤ ገና ትኩስ ነው። ነገር ግን ከፎቅ የወረደችው ሲስተር ቀትር አልፎ አልጋው ስለተሰጠ እናትህን አንሳ ብላኛለችና እየወጣሁ ነው። ሲዲውን ባለመቀበሌ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ እናቴን ደግፌ ለማውረድ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል።