ፎቶ መነሳት ስለማይወደው በሽታ

ለክቡር የሕክምና ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሴኡል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ የእርስዎም የቤተሰብዎም ሆድ ሰላም ይሁን። እኔ በሞክፖ ከተማ ገበያ ደረቅ ዓሣ የምሸጥ፣ ትምህርቴም ብዙ ያልሆነ ሴት ነኝና ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወሬው የደረሰኝ ቀን የሩዝ ኬክ እያደልኩ ነበር። ልጄ ናም ዬራን በካንሰር ምክንያት ጨጓራዋ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የተነሳችው የሲቲ ስካን ፎቶ ንጹሕ ነው ስለተባለ፣ እንደ ደንባችን የደስታ ኬክ አሠርቼ ለገበያው ሁሉ አዞርኩ። አጠገቤ የምትሸጠው ቦንግሱን አፏን ሞልታ፣ "እህቴ፣ ለዚህ ኬክ ሲባል ልጅሽ በየወሩ ፎቶ ትነሳ!" እያለች ስታስቀኝ ዬራን ደወለች።

"እማዬ፣ ኬኩን አድለሽ ጨረስሽ እንዴ?" አለችኝ። "የደሙ ውጤት ዛሬ መጣ። የዕጢው ዲኤንኤ ደሜ ውስጥ ተገኝቷል። ካንሰሩ ሊመለስ ነው አሉኝ።"

ሰው ሁሉ እያኘከ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፤ እኔ ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ደሟን ስለመረመራችሁ አመሰግናለሁ። ሐኪሟ እንዳስረዳን ይህ ምርመራ በሽታው በፎቶ ከመታየቱ ወራት አስቀድሞ ይናገራል። እውነቱን ነው፤ ተናገረ።

፪. ሐኪሟ መድኃኒት ይጀመርላት ብሎ ሲጠይቅ፣ የተከበረው ኮሚቴዎ በፎቶ ያልታየ በሽታ አይታከምም ብሎ በትሕትና ስለመለሰ አመሰግናለሁ። በእናንተ ዘንድ ጤነኛ ነበረች። ለመታከም መጀመሪያ በደንብ መታመም ነበረባት፤ እስክትታመም ድረስ ቤቴ ተቀምጣ ጠበቀች። የሩዝ ገንፎዋን በማንኪያ ስትቀምስ መዋጧን አያለሁ፤ እሷ ደግሞ እኔ ማየቴን ታያለች። ክረምት ሲገባ ካፖርት እንግዛልሽ ብላት "ቆይ ፎቶው ይፍቀድልኝ" አለች።

፫. ለፎቶ በባቡር ሴኡል በተመላለስን ቁጥር "ምንም የለም፣ እንኳን ደስ ያላችሁ" ስላላችሁን አመሰግናለሁ። ዬራን በመመለሻችን፣ "እማዬ፣ የእኔ በሽታ ልክ እንዳንቺ ነው፤ ፎቶ መነሳት አይወድም" ትለኝ ነበር። እስቃለሁ። ከዚያ ፊታችንን ወደ መስኮቱ እናዞራለን። ኬክ ግን ዳግመኛ አላሠራሁም፤ ቦንግሱንም አልጠየቀችኝም።

በመጨረሻ በሽታው ፎቶ ለመነሳት ፈቀደ። በሆዷ ውስጥ ሁሉ ተበትኖ ነበር። ያን ጊዜ ፈቃዳችሁ እንዴት ፈጥኖ መጣ! ዬራን ግን መድኃኒቱን የምትሸከምበት አቅም አልቀራትም።

ክቡር ሆይ፣ ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሐኪሟም "ቀድመን ብንጀምር ትድን ነበር ብዬ አልምልም" ብሎኛል። እኔም አልምልም። የምለምንዎ ግን ከእሷ በኋላ ለሚመጡት ነው፦ ወይ ደሙን አትጠይቁት፣ ወይ ሲመልስላችሁ ስሙት። ሰውን በሁለቱ መካከል ዘግታችሁበት አትሂዱ።

ውለታዎን በየማለዳው ባዶ ወንበር እያየች የምታስታውስ፣ እጅ ነሺዎ
ፒዮ ማልሱን፣ የዬራን እናት

ማስታወሻ፦ በእኛ ደንብ ምስጋና ያለ ሩዝ ኬክ አይሆንም። ኮሚቴዎ ከፎቶ በቀር ስለማያምን ግን ኬኩን ትቼ የኬኩን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ደህና አድርገው ይመልከቱት፤ ይጠግባሉ።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በገበያው የምታነቡ ወገኖቼ ደግሞ፣ የልጄ የክርስትና ስም አጋታ ነው። ለነፍሷ ጸልዩላት። ጸሎትም በፎቶ አይታይም፤ እናንተ ግን እስኪታይ አትጠብቁ።