ፕሪሙ ላይ የቀረው አምባር

ማርች 1
እማዬ ጋ ዋልኩ። እንደየዓመቱ ቀዩንና ነጩን ክር፣ ማርቴኒፃውን፣ እጇ ላይ አሰርኩላት። ከጎኑ ደግሞ የገዛሁላትን አምባር። ስትንቀሳቀስ ስልኬ ላይ አረንጓዴ ይበራል፤ ቀኑን ሙሉ ካልተንቀሳቀሰች ይጮኻል። እምቢ አለች።
«ፍየል ነኝ እንዴ ቃጭል የምታስሪብኝ?»
«እማዬ ደግሞ! የዘንድሮ ማርቴኒፃሽ ነው ብለሽ ቁጠሪው።»
ሳቀች። እጇን ሰጠችኝ። ዛሬስ ብልህ ነኝ!

ስወጣ ጎረቤቷ እትዬ ፔና አጥሩ ጋ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የእማዬን ጭስ ማውጫ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ጭስ ከሌለ መጥተው በር ይደበድባሉ። ከእንግዲህ አይድከሙ፣ ማሽኑ ይጠብቃታል አልኳቸው።
«ማሽኑ በር ማንኳኳት ያውቃል?»
ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

ማርች 9
አረንጓዴ።

ማርች 17
ማታ ማታ መደወሉን ትቼዋለሁ። ምን ያደርጋል? ደህንነቷን አያለሁ... ዛሬ ራሷ ደወለች።
«አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ የት ገባች ብዬ ነው።»
«በየቀኑ እያየሁሽ እኮ ነው!»
«እኔስ? እኔ በምን ልይሽ?»
ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ማርች 29
ሥራ ላይ እያለሁ ደወለች። «የጓሮው ፕሪም አበበ!» አለች፣ እንደ ሕፃን። ጎሽ ብዬ ዘጋሁት።

ኤፕሪል 3
ነፋሱ ጉድ ነው። ደወልኩ፣ አታነሳም። ስልኩን አየሁ... አረንጓዴ። እንዲያውም ከወትሮው በላይ ትንቀሳቀሳለች። በዚህ ነፋስ ጓሮ ምን ትሠራለች? ወይ አኩርፋኝ ይሆናል። ብቻ ደህና ናት።

ኤፕሪል 4
አሁንም አታነሳም። አረንጓዴ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ኤፕሪል 6
እማዬ የለችም።

ምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ወድቃ ያገኟት እትዬ ፔና ናቸው። ሐኪሙ ወዲያው አልሞተችም አለኝ። ወዲያው አይደለም... ጠርታኝ ይሆን?

አምባሩን ፈትታ ከማርቴኒፃው ጋር ፕሪሙ ላይ ሰቅላዋለች። ነፋሱ ያወዛውዘዋል። መጀመሪያ ያበበ ዛፍ ላይ ማርቴኒፃን ፈትቶ መስቀል ልማዳችን ነው፣ ለጤና... በልጅነቴ ቅርንጫፉ ላይ የምታደርሰኝ እሷ ነበረች። ማርቴኒፃሽ ነው ያልኳት ደግሞ እኔ። እኔው ነኝ።

እትዬ ፔና አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
«ጭስ እንደሌለ አይቼ ነበር እኮ፣ ልጄ። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም። ማሽኑ አለ ብዬ...»

ኤፕሪል 12
የዘጠነኛ ቀኗን የስንዴ ንፍሮ አደልን። እትዬ ፔና «ያን ነገር አውርጂው» አሉኝ። ዛፉ ሥር ቆምኩ። የተሰቀለ ማርቴኒፃ አይወርድም። እጄም እምቢ አለኝ።

ማታ ፕሎቭዲቭ፣ ቤቴ ገባሁ። ራት አልበላሁም። ስልኩ አረንጓዴ በራ፤ «እናትዎ እየተንቀሳቀሱ ነው» ይላል። እዚያ ነፋስ ተነስቷል ማለት ነው።

ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ። አላጠፋሁትም። ባትሪው እንዳያልቅ ብቻ እየፈራሁ ቁጭ ብያለሁ።