ደጄ የቆሙት ላሊበሎች

ለውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እህትሽስ፣ ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሽመናውም ደህና ነው፤ የታመመው የምሠራው ሽሮ ብቻ ነው። ስልክ ስለማታነሺ ይህን ደብዳቤ በሸጎሌው ሚኒባስ ሹፌር በአሽረፍ እጅ ልኬልሻለሁ።

ያስጠለልሻቸውን የእግዜር እንግዳ፣ እኚያን ሽማግሌ፣ በሦስተኛው ቀን ብሸኛቸው «እንግዳ የሚባረርበት ቤት ቤቴ አይደለም» ብለሽ ሸጎሌ እህትሽ ቤት ከሄድሽ ሦስት ሳምንት ሆነ። እኔም የሽመና ቤት እንጂ የእንግዳ ማረፊያ አልከፈትኩም ብዬ ኮርቼ ሰነበትኩ። ኩራት ግን ወጥ አይሠራም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ላሊበሎች መጡ፣ ባልና ሚስት። መቼም ላሊበላ የባለቤቱን ስም ከሰው ሳይጠይቅ ደጅ አይቆምም። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የሌለሁ ልመስል ነበር። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እንግዳ የማይመልስ ጌታው ድንቡሼ፣
ከደጅህ ቆሜያለሁ ማለዳ ገስግሼ»

ሲል ከአልጋዬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ይህን አጥንቱ ብቻ የቀረ ሰው ድንቡሼ የሚል በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በሹክሹክታ። በሩን ስከፍት ግቢው በሙሉ ወጥቷል፤ ጎረቤታችን ጋሽ ጉታማ በስልካቸው ይቀርጹኛል።

አስገባኋቸው። ዳቦ ቆርሼ ሻይ አፈላሁ፤ ስኳር መስሎኝ ጨው ጨመርኩበት። ሳያንገራግሩ ጠጥተው መረቁኝ። ከየት እንደመጡ ብጠይቃቸው ሴትየዋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ከሸጎሌ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። ያን ቀን ግን ከደስታዬ የተነሳ ክሩ ሁሉ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ናፍቀሽኛል።

ሽማግሌውንም ጳውሎስ አካባቢ ፈልጌ አገኘኋቸው፤ ይቅርታ ጠይቄ መልሼ አመጣኋቸው። ትናንት ሽሮዬን ቀመሱና «ልጄ፣ ዛሬስ ሳታባርረኝ ራሴ ልሂድ» አሉኝ። ለምኜ አሳደርኳቸው። እስከ እሑድ ብቻ እታገሣለሁ ብለዋል። እንግዳሽ ሳይሄድብሽ ድረሺ።

ያበላ እጅሽን እግዚአብሔር ይባርከው፤ ያስጠለለሽም ቤት አይጉደልበት።

ባልሽ፣
አሁን ለሰፈሩ ሁሉ ድንቡሼ