ወደ ሙሽራዋ የሚያደርስ ሌንስ

ከድርዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ለመቃብር ሰዎች ሰላምታ ይደርሳቸዋል ይባላል፤ አንተም ብትሆን ሳትመልስልኝ አትቀርም። ከተለያየን ዓመት አለፈን፤ አንተ የሌለህበት አረፋም መጥቶ ሄደ። እስካሁን ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ እንዳይመስልህ። ከሥራ ስትገባ ጫማዬን እስካወልቅ እንኳ ችግር አትንገሪኝ ትለኝ ስለነበር፣ ደህና ወሬ እስካገኝ ጠብቄ ነው። ይኸው አገኘሁ። ፎቶ ቤታችን አልተዘጋም፣ አልሀምዱሊላህ። እፎይታው ራሱ እንባ እንባ ቢለኝም እፎይ ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጅህ ሰሚራ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሌላ አብቅላለች፤ ቁርዓን ቤት ከሷ በላይ ለፍላፊ የለም ይሉኛል፣ ከማን እንደወረሰችው አልጠየቅኩም። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ቀበሌው ኮብልስቶኑን እስከ በራችን አድርሶታል፤ በክረምት ጫማህን በእጅህ አንጠልጥለህ የምትሻገራት ጭቃ የለችም፣ ባጃጅ ደጃችን ድረስ ይገባል። አቮካዶውም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቶ ለጎረቤት ሁሉ ተረፈ። አሁን ደግሞ ተረጋግተህ ስማኝ። ሌንስ ገዛሁ። ለዚያውም የሌላ ኩባንያ።

አስተግፊሩላህ፣ እዚያም ሆነህ የቱን ነው የገዛሽው ሳትል አትቀርም። ሁለት ዓመት ሙሉ በቤታችን የሌንስ ወሬ ብቻ አልነበር? ሱቅህን ዘግተህ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት ትገባለህ፣ ገጹ እስኪከፈት ሻይህን ጠጥተህ ትጨርሳለህ፣ መብራት ሲሄድ ያነበብከውን ሁሉ ይዘህ ወደኔ ትመጣለህ። አንድ ቀን የካሜራው ፋብሪካ ራሱ ከሠራው ሌንስ በቀር ሌላ አላስጠጋም ትላለህ። በማግስቱ ደግሞ የሌላ ኩባንያም ቢሆን ለካሜራችን ልክ የሚሆን፣ ዋጋውም የሚቀመስ አለ ትላለህ። ሳምንት ሳይሞላ ሐሳብህን ትቀይርና የሌላ ኩባንያ ከሆነ አንድ ዓይነት የሆኑት ሁለቱ እንኳ እኩል አይሆኑም፣ አንዱ አንበሳ ሌላው ሰነፍ ሊሆን ይችላል፣ ሳይፈትኑ መግዛት ዕብደት ነው ትለኛለህ። እኔ ሰፌዴን ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እየለቀምኩ እህ፣ እህ እልሃለሁ። የሌንሱ ቁጥር ባነሰ ቁጥር የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል ስትለኝ፣ ይሄ የፈረንጅ ነገር መቼ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብዬህ ሆድህን ይዘህ ስቀሃል።

ሸሚዝ ለመግዛት እንኳ ገበያውን እስኪመሽ የምትዞር ሰው! እኔን አንድ ቀን በር ላይ አይተህ ሽማግሌ መላክህ እስከዛሬ ይገርመኛል። በኔም ላይ እንደ ሌንሱ ብታመነታ ኖሮ ይኼኔ አባቴ ቤት ነበርኩ።

የምትፈልገው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ ረጅሙን፣ ሩቁን የሚያቀርበውን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም፣ አውቀው ነበርና። በሰርግ ላይ እኔ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ሆኜ በመስኮት አይህ ነበር። ካሜራህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ የግቢው በር ላይ ትቆማለህ። የሴቶቹ ክፍል ወንድ አይገባበትም፤ አንተም ሰው ገፍተህ የምታልፍ አልነበርክም። ሙሽራዋ ስትወጣ ሴቶቹ በእልልታ ከበዋት መኪና ውስጥ ያስገቧታል፤ አንተ ጀርባና ሻሽ፣ ሻሽና ጀርባ አንስተህ ትመለሳለህ። ካሜራው ይዞት የመጣው ትንሹ ሌንስ ከዚያ በላይ አይደርስልህም። ከዚያ እናቷ ምን ትለኝ ይሆን እያልክ እራትህን ትተዋለህ። ረጅሙ ሌንስ ሲመጣ ከቆምክበት ሳትነቃነቅ፣ ማንንም ሳታስቀይም፣ ፊቷን ልታገኝ ነበር። እሱ ሳይመጣ ኩላሊትህ ቀደመው።

ኢዳ ላይ፣ የሐዘን ወራቴን ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከቤት አልወጣ፣ ሌላ ሥራ የለኝ፣ ካሜራህን ከቁም ሳጥኑ አወረድኩት። ያገኘሁትን ሁሉ አነሳሁ፤ ሰሚራን፣ ጀበናውን፣ ያንተን ጃኬት። ካሜራችን ለካ ጨለማ ይፈራል። ፍላሽ ሳላበራ ካነሳሁ ሰሚራ ተበትና ትጠፋለች፣ ካበራሁ ደግሞ ዱቄት የተነፋባት ትመስላለች። ወንድምህ ነስሩ በየሳምንቱ እየመጣ ያየናል፣ ስኳሩንም ዘይቱንም አላጎደለብንም፤ ክፉ ሰው አይደለም። ኢዳዬን ስጨርስ ግን የሱቁ ኪራይ ዝም ብሎ እየበላን ነው፣ የሞባይል መሸጫ እናድርገው አለኝ። በዚያን ሰሞን ቡታጅራ ውስጥ ሞባይል ያልሸጠ አልነበረምና ነገሩ እውነት ነበረው። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እስከ አረፋ ታገሠኝ፣ እኔው እሠራበታለሁ አልኩት። መሳቅ እንኳ አልሳቀም፤ አዘነልኝ። ለኔ ግን ያቺ ሱቅ ከተዘጋች፣ ስምህም ከበሩ ላይ ከተፋቀ፣ ዳግመኛ አንተን መቅበር ነበር።

ከረመዳን በኋላ የሰርጉ ወቅት ሲገባ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ሸምሱ ባለቤት ቤታችን መጣች። ልጇን ፈቲያን ወልቂጤ ላለ ሰው ልትድር ነው። ካሜራ መያዝሽን ሰምቻለሁ፣ ከሴቶቹ ጋር ግቢና ልጄን ሂናዋን ከምትቀባበት ጀምረሽ አንሺልኝ አለች። ፎቶው ከሴት ዓይን እንዳይወጣ፣ ፍላሽም እንዳይኖር፤ የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ፍላሹ ሂናውን አጥፍቶት ነበርና። እሺ አልኳት፣ ምላሴ ቀድሞኝ። በኛ ትንሽ ሌንስ በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም እንደማይወጣ ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ካሜራውን በቦርሳዬ ይዤ በሚኒባስ አዲስ አበባ ገባሁ። የካሜራው ፋብሪካ የሠራው ዋጋው እሳት ነው፤ እጄን እንኳ ሳላሳርፍበት አለፍኩት። ሻጩ የሌሎቹን ኩባንያዎች ደረደረልኝ። ከድርዬ፣ ያንተ ረጅም ሌንስ እዚያ ነበር። አነሳሁት። እንደ አራስ ልጅ ከበደኝ። ላንተ ስል ልገዛው ምንም አልቀረኝም፤ ያን ያህል የተመኘኸውን ትቼ ሌላ መግዛት ክህደት መሰለኝ። ወደ ውጭ ሳነጣጥር ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ ጢሙ ይታየኛል፤ ፊቴ የቆመውን ሻጭ ግን ጭራሽ አያየውም። የፈቲያ ክፍል ደግሞ ከዚያ ሱቅ አይሰፋም። ለሻጩ መለስኩት። ሌላ አንድ አቀረበልኝ፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ ያረጋጋል፣ ብርሃን ግን ብዙም አያስገባም። የኔን እጅስ ያረጋጋው፣ የሚጨፍሩትን ሴቶች የሚያረጋጋ ሌንስ ግን ገና አልተሠራም ብዬ እሱንም ተውኩት። አጭሩን፣ ሰፋ አድርጎ የሚያየውን፣ ቁጥሩ ያነሰውን ስጠኝ አልኩት።

ከዚያ ያስተማርከኝን ሁሉ አወጣሁ። ሌንሱን ለመፈተን ጋዜጣ ግድግዳ ላይ አስለጠፍኩ። ጠርዝ ጠርዙን አንስቼ ፊደሉን አጉልቼ መረመርኩ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አድርጌ ሻጋታ ፈለግኩበት። ሻጩ ሙያሽ ነው እንዴ ቢለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ የባለቤቴ ነው አልኩት።

ቤት ገብቼ ሰሚራ ላይ ሳነጣጥር ጭጋግ ብቻ። ቁልፉን ብጫነው ብጫነው ሌንሱ ንቅንቅ አይልም። ያኔ ነው ድምፅህ የመጣልኝ፤ የኛ ካሜራ በውስጡ ሞተር የለውም፣ የሌላ ኩባንያ ሌንስ ሲገዛ ሞተር ያለው መሆኑ ይጠየቃል፣ አለዚያ ራሱን አያስተካክልም ብለኸኝ ነበር። እኔ ምስሩ ላይ ነበርኩ፣ በደንብ አልሰማሁህም። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሻጩ የሌንሱን ቀለበት በእጁ አዙሮ እያስተካከለ ስላቀበለኝ አልነቃሁም። ጠርዙን ስመረምር ዋናውን ዘለልኩት። ያ አላህ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻጩ ጋ ብደውል ሞተር ያለው የለኝም አለኝ፤ ሰርጉ ደግሞ በዚያው ሳምንት እሁድ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ተቆጣሁህ፤ ይሄን የማማክረው ሰው ሳይኖር ለምን ሞትክ ብዬ ነው የተቆጣሁህ።

ያዳነችኝ እናትህ ናት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሙስበሃዋን፣ መቁጠሪያዋን፣ ትቆጥራለች፤ ከሷ የበለጠ የማይነቃነቅ ሰው ከየት አመጣለሁ? ቀለበቱን በእጄ እያዞርኩ እሷ ላይ ተለማመድኩ። ለካ በካሜራው ማያ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ ያነጣጠርኩበት ነገር ጥርት ሲል ትበራለች። ካሜራው ማዞሩን እንጂ ማየቱን አልተወም። መጀመሪያ ዓይኗን ስፈልግ ጆሮዋን ሆነ የማገኘው። እሷም በጉራጊኛ ስታጉረመርም ዋለች፤ ልጄ እንኳ እንዲህ አላንገላታኝም፣ ሳልሞት ጨርሺኝ ትለኛለች። ግን አልተነሳችም። በማግስቱም መጋረጃውን ራሷ ገልጣ ጠበቀችኝ። የሙስበሃው ፍሬ አንድ በአንድ እስኪለይልኝ ድረስ እጄ ለመደ።

እሁድ ከሴቶቹ ጋር ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ አንድ፣ ጠጠር መጣያ የለም። አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ ሂናውን ታራግባለች፣ አንዷ እኔንም አንሺኝ እያለች ክንዴን ትጎትታለች። ቢስሚላህ ብዬ ቀለበቱን አዞርኩ፣ ነጥቧ በራች። የፈቲያን እጅ ከነሂናው አነሳሁ። እናቷ የጆሮ ጌጧን ልታደርግላት ስትል እጇ አልታዘዝ ሲላት፣ ልጅቱ የእናቷን ጣት ስትይዝላት አነሳሁ። ሁለቱም ሊያለቅሱ ሲሉ ሳቃቸው ቀደማቸው፣ እሱንም አገኘሁት። ብዙ ተበላሽቶብኛል፣ አልዋሽህም፤ አክስቷማ በሁሉም ላይ ጭጋግ ናት፣ አንድ ቦታ መቆም አትወድም። የወጣው ግን ወጥቷል። በሱቃችን ማተሚያ ራሴ አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ ስሰጣት እናቷ አንድ በአንድ አየችው። የጆሮ ጌጡ ላይ ስትደርስ ሻሿን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ በኋላ ሴቱ ለሴቱ እየነገረ መጣልኝ፤ እስከ አረፋ ድረስ እሁድ እሁድ ቤት አልዋልኩም።

ነስሩ እነዚያን ፎቶዎች ማየት አይችልም። ስለዚህ የእናቱን አሳየሁት። ፍላሽ ስለምትጠላ፣ አንተ ፎቶ አንሺ ሆነህ እንኳ አንድ ደህና ፎቶ አልነበራትም። የመስኮቱ ብርሃን ግማሽ ፊቷ ላይ አርፏል፤ እኔን ልትቆጣ አፏን የከፈተችበት ነው። ነስሩ ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየና፣ ይቺማ ልትናገር ነው አለ። በሳምንቱ ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጥቶ የሱቁን በር ራሱ ቀባው። ስምህን አልነካውም፤ ዙሪያውን ብቻ ነው የቀባው።

እሱ ከሄደ በኋላ ምስር እየለቀምኩ ነው ነገሩ የገባኝ። አንተ ከበር ላይ ሆነህ ሙሽራዋን የሚያቀርብልህ ሌንስ ስትመርጥ ያን ሁሉ ጊዜ ደከምክ። በሩን አልፋ የምትገባ ሴት ግን አጠገብህ ተቀምጣ እህ፣ እህ ትልህ ነበር። አንተም አላሰብከው፣ እኔም አላሰብኩት። ሳቄ መጣ። ብቻዬን ስስቅ ሰሚራ ምን ሆነሽ ነው ብላ ሮጣ መጣች። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ምናለ አንድ ሰርግ እንኳ አብረን ሠርተን ቢሆን ኖሮ፤ አንተ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ፣ ቤት ገብተን ሁለቱን እየገጣጠምን። ግን ያ ሱቅ ውስጥ ሌንስህን ስመልስ የተሸከምኩት ነገር የዚያን ቀን ወረደልኝ። ሁለታችንም የፈለግነው ያንኑ የሙሽራዋን ፊት ነበር፤ ተደርሶበታል፣ አትጨነቅ።

አላህ ጀነትን ይወፍቅህ፣ ከድርዬ። እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ከሴቶቹ ቀድሜ እወጣና ያንተን አሮጌ ትንሽ ሌንስ እገጥማለሁ። የግቢው በር ላይ፣ አንተ በምትቆምበት ቆሜ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። የሚወጣው ያው ጀርባና ሻሽ ነው። ሰዉ ከውስጥ እንዲያ ስታነሳ ቆይታ አሁን ምን ነካት ይላል፤ ይበል። ለማንም አልሸጣቸውም፣ ያንተ ስለሆኑ ለብቻቸው አስቀምጣቸዋለሁ። እጄ ካሜራ መያዝ እስከቻለ ድረስ በየሰርጉ ቦታህን እይዝልሃለሁ፤ ሌላ ሰው አይቆምበትም።

ዙቤዳህ