የአቭሪል ትራንመር ሕይወት፦ ከቀይ ጓንት እስከ መጨረሻው መጋረጃ

ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን የምንሸኛቸው ተዋናይት አቭሪል ትራንመር፣ ከዓሣ አጥማጁ ከአባታቸው ከአቶ ክላረንስ ትራንመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድና ብሌንኪን እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1952 በእንግሊዝ አገር በኸል ከተማ፣ በኸስል ጎዳና ሰፈር ተወለዱ። ሲወለዱ አባታቸው ባሕር ላይ ስለነበሩ ልጃቸውን ያዩት ዘግይተው ነው። ሕፃኗን አቅፈው ለቅሶዋን ከሰሙ በኋላ፣ «የዚችን ልጅ ድምፅ መርከቡ ላይ ብንሰቅለው ጭጋግ ባላሳሰበን ነበር» አሉ ይባላል። ያ ድምፅ ኋላ የስንቱን ቲያትር ቤት የመጨረሻ ወንበር እንደደረሰ እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ።

የሰፈራችን ሰው የሚያውቀው ደንብ አለ። መርከብ በሚወጣበት ቀን ልብስ አይታጠብም። ሚስትም ልጅም ወደብ አይወርዱም። «ደህና ሁን» አይባልም፤ እጅም አይወዛወዝም፤ ይህን የጣሰ ሰውየውን ለባሕር ይሰጠዋል ይባላል። ሰውየው ዳቦ ሊገዛ እንደሚወጣ ሆኖ ከቤቱ ይወጣል፣ የቤቱም ሰው ሥራውን ይቀጥላል።

በጥር 1961 አባታቸው ለአጭር ዕረፍት ቤት መጥተው ሳለ ለአቭሪል ቀይ የሱፍ ጓንት ገዙላቸው። በሚሄዱበት ጠዋት ታክሲው ከደጃፍ ሲነሣ፣ ገና ዘጠኝ ዓመት ያልሞላቸው አቭሪል ጓንታቸውን አጥልቀው ወደ ውጭ ሮጡና ሁለት እጃቸውን አንሥተው አወዛወዙ። አባታቸው በታክሲው የኋላ መስታወት ዞረው አይተው እጃቸውን አነሡ። እናታቸው ደርሰው በኮታቸው ኮሌታ ወደ ቤት ጎተቷቸው፤ ነገር ግን የሆነው ሆኗል።

አቶ ክላረንስ ከዚያ ጉዞ አልተመለሱም። ከአይስላንድ በስተ ሰሜን መረብ ሲጎትቱ ማዕበል ከመርከቡ ላይ ወሰዳቸው። ሌሎቹ ሰዎች በሙሉ በሰላም ገቡ። ብዙም ሳይቆይ እናትና ልጅ ዓሣ ሱቅ ተሰልፈው ሳለ አንዲት ጎረቤት ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ይቺ ናት አባቷን በእጇ የሸኘችው» አለች።

ወይዘሮ ኤድና ዞር ብለው፣ «አንቺ፣ ምላስሽን ከዓሣው ጋር ጨው ውስጥ ክተቺው!» አሏት።

አቭሪል ግን ቃሉን ሰምተውታል። ቀዩን ጓንት ከዚያ በኋላ አላጠለቁትም፤ እጃቸውንም ለማንም ተሰናባች አላነሡም።

አቭሪል የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1967 ከእናታቸው ጋር ዓሣ ቤት ገብተው ዓሣ መበለት ጀመሩ። በዓሣ ቤቱ ጩኸት መካከል፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሳይጮሁ መሰማትን የተማሩት እዚያ መሆኑን ሁልጊዜ ይናገሩ ነበር። ማታ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከአማተር ተዋንያን ጋር ይለማመዱ ነበር። ከስብስቡ መሪዎች አንዷ ተሰጥኦአቸውን አይታ ለፈተና አዘጋጀቻቸው፤ በ1970 በለንደን በሚገኝ የትወና ትምህርት ቤት የነፃ ትምህርት ዕድል አገኙ።

በሄዱበት ቀን ባቡር ጣቢያ ድረስ የሸኛቸው የለም። እናታቸው ድስት እየፈተጉ ሳይዞሩ፣ «ሹራብሽን ይዘሻል?» አሉ። አቭሪልም «ይዣለሁ፣ እማ» ብለው ሻንጣቸውን አንሥተው ወጡ። ያን ዕለት ቤታችን ልብስ አልታጠበም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት በሚያሳዩ ትንንሽ ቲያትር ቤቶች ዞረው ሠሩ። ገረድ ሆኑ፣ ነርስ ሆኑ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ደግሞ በመጀመሪያው ትዕይንት ተገድላ የምትገኝ ሴት ሆነው ወለል ላይ ተኙ። ታናሽ እህታቸው ኖሪን በስልክ «ወለሉ ይበርዳል፤ ከሥርሽ ጋዜጣ አንጥፊበት» ብትላቸው፣ «ሬሳ ጋዜጣ አንጥፎ አይሞትም፣ ኖሪን» አሏት። በዚያው ክረምት ብርድ ገብቷቸው ሲያስሉ ከረሙ። ይህ የተጻፈው የእህት ምክር ከንቱ እንዳልነበረ ይታወቅ ዘንድ ነው።

ታላቁ ዕድላቸው በ1979 መጣ። «የጨው ቤት» በተባለው ተውኔት የባሕር ዳር እንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሆነችውን አግነስን ተጫውተው የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብለው ተሸለሙ። በ1981 ከቲያትር መብራት ባለሙያው ከአቶ ዴሪክ ፎሴት ጋር ጋብቻ መሠረቱ፤ በ1983 ልጃቸውን ፊሊፓን ወለዱ። አቶ ዴሪክ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ስለ ሚስታቸው ሲጠየቁ፣ «መብራቱን እኔ አበራለሁ፤ ብርሃኑ ግን ከእሷ ነው የሚመጣው» ይሉ ነበር።

ከ1984 ጀምሮ ለስምንት ዓመታት በቴሌቪዥን በቀረበው «ሐኪም ቤት በወደቡ ዳር» ውስጥ ሲስተር ሃርከርን ሆነው በመሥራታቸው በመላ ብሪታኒያ ታወቁ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ፣ «ሲስተር፣ ይህ ጉልበት ምን ይመስልሻል?» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ጎንበስ ብለው በደንብ አይተው፣ «ከመጠጥ ቤት ደረጃ ላይ የወደቀ ይመስለኛል» ይሉና አውቶቡሱን በሳቅ ይሞሉት ነበር።

ወይዘሮ አቭሪል ቤተሰባቸውን አልረሱም። እህታቸው ኖሪን ሦስት ልጆች አሳድጋ፣ ዕድሜዋ አርባን ካለፈ በኋላ የማታ ትምህርት ገብታ ማንበብ ስትጀምር፣ የሚያጠኑትን ተውኔት አንድ ቅጂ ላኩላት። በየእሑዱ በስልክ እሳቸው የራሳቸውን ቃል በቃላቸው ሲሉ እህታቸው የሌሎቹን እያነበበች ትመልስ ነበር። የንጉሡ ንግግር ላይ ስትደርስ ቃሉ ረዝሞባት ብትንተባተብ፣ «አትቸኩዪ፣ እህቴ፤ ንጉሡ ሥራ የለውም፤ ይጠብቅሻል» አሏት። ዛሬ ይህን ወረቀት የጻፈች እጅ በዚያ ትዕግሥት የሠለጠነች ናት።

አንድ ነገር ግን በሙያ ዘመናቸው ሁሉ ሰው ያልገባው ነበር። ተውኔት አልቆ ተዋንያን ለጭብጨባው ሲወጡ፣ ጓደኞቻቸው ለሕዝቡ እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ እሳቸው ሁለት እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ዝቅ ብለው እጅ ነሥተው ይገቡ ነበር። ጋዜጦች «ኩሩዋ ትራንመር» አሏቸው። አንድ አዘጋጅ፣ «አቭሪል፣ የኔ ውድ፣ ሕዝቡ ከፍሎ ነው የገባው፤ እጅሽን ብታሳዪው ምን አለበት?» ቢላቸው፣ «ድምፄን ወስደዋል፣ ፊቴን ወስደዋል፤ እጄ ለኔ ይቅር» ብለው መለሱለት። በ1994 በተሠራው «የሚስ ፔል ክረምት» ፊልም ላይም ባቡር ለሚሳፈር ወንድሟ እጇን የምታወዛውዝ እኅት መሆን ነበረባቸው። አሻፈረኝ አሉ። ከሥራው ሊያስወጧቸው ከደረሱ በኋላ የሌላ ሴት እጅ ተቀረጸ። አንድ መጽሔት ያን «የሚንቀጠቀጥ፣ ነፍስ ያለው እጅ» ብሎ አሞገሰ። ወይዘሮ አቭሪል አንብበው፣ «የእጁ ባለቤት የፊልሙ ልብስ ሰፊ ናት፤ ብርድ ስለነበር ነው የተንቀጠቀጠችው» ብለው ሳቁ። ምክንያቱን ግን ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም።

በ2014 አቶ ዴሪክ አረፉ። በ2021 መገባደጃ ላይ ወይዘሮ አቭሪል የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው፤ ወደ ተወለዱበት ከተማ ተመልሰው እናታቸው አጠገብ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ዓመት የከተማችን ቲያትር ቤት «ደጃፍ ላይ ያለች ሴት» በተባለ አዲስ ተውኔት የመሪዋን ሚና ሰጣቸው። ሐኪማቸው ፈቀዱላቸው፤ የመጨረሻው መሆኑን ግን አልሸሸጓቸውም። አቭሪል በራሳቸው ሰፈር ሰው ፊት፣ በራሳቸው ሰፈር አነጋገር ቆመው ተጫውተው አያውቁም ነበርና ይህን ሥራ ከየትኛውም ሽልማት አብልጠው ፈለጉት።

ነገር ግን ተውኔቱ የሚያበቃው ሴትየዋ በመርከብ ለሚሄደው ልጇ ከደጃፏ ሆና እጇን ስታወዛውዝ ነው። በልምምድ ሁሉ እዚያ ሲደርሱ እጃቸው አልነሣ አለ። ወጣቷ አዘጋጅ ታምሲን፣ «እጁ ከሌለ ተውኔቱ የለም፣ ወይዘሮ ትራንመር፤ ያለ እሱ ምን እንደማደርግ አላውቅም» አለቻቸው። የሌላ ሴት እጅ መድረክ ላይ አይቀጠርም።

ወይዘሮ አቭሪል ሥራውን ለመተው ወስነው በእናታቸው ወጥ ቤት ተቀመጡ። እህታቸው ኖሪን ሻይ ታቀርብ ነበር። እናታቸው ድንች እየላጡ፣ «ለምንድን ነው የምትተዪው?» ብለው ጠየቋቸው።

«እጅ አወዛውዢ ይሉኛል፣ እማ።»

«ታዲያ አወዛውዢያ! እጅሽን አያምሽም።»

«አንዴ አወዛውዤ አባቴን ገደልሁት፤ አይበቃም?»

የወይዘሮ ኤድና ቢላ ቆመ። «ያን ሁሉ ዓመት እጅሽን ከኋላሽ የምታስሪው ለዚህ ነው? እኔ እኮ የለንደን ወግ መስሎኝ ነበር!»

ማንም አልሳቀም። በዚያ ቤት በባሕር ስለቀረ ሰው አይወራም ነበር፤ እሱም ደንብ ነው። ወይዘሮ ኤድና ግን ድንቹን አስቀምጠው እጃቸውን ጠረጉና ተናገሩ። «በዚያ የፀደይ ወራት የመርከቡ ምግብ አብሳይ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አባትሽ ጉዞውን በሙሉ ሰውን ሁሉ ‹የልጄን ቀይ ጓንት ብታዩ! በሁለት እጇ ነው የሸኘችኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው የሸኘችኝ እሷ ብቻ ናት› እያለ አሰልችቷቸው ነበር። ሲስቅ ነው የሄደው፣ ሰውዬው። ስሚኝ፣ አቭሪል፤ ባሕር እጅ አያይም፤ ዓይን የለውም። እጅሽን ያየው አባትሽ ነው።»

ወይዘሮ አቭሪል ሻያቸውን ጠጥተው፣ ቢላ አንሥተው ከእናታቸው ጋር ድንች መላጥ ጀመሩ። በማግሥቱ ልምምድ ሄዱ።

ተውኔቱ በጥቅምት 2022 ለሕዝብ ቀረበ። ልጃቸውን በመድረክ አይተው የማያውቁት ወይዘሮ ኤድና፣ ዘጠና አንደኛ ዓመታቸውን ይዘው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ከፊት ተቀመጡ። በመጨረሻው ትዕይንት ወይዘሮ አቭሪል ከደጃፉ ወጥተው ቀስ ብለው አንድ እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጨመሩ። የሰፈሩ ሴቶች አዳራሹ ውስጥ ትንፋሻቸው ሲቆም ይሰማ ነበር፤ እጅ ማንሣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበርና የሞላው። መጋረጃው ተዘግቶ ሲከፈት ለጭብጨባው የወጡት እጃቸውን ወደ ኋላ ሳያደርጉ ነው። ወደ እናታቸው አወዛወዙ። ወይዘሮ ኤድናም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «አየሁሽ! አየሁሽ!» እያሉ በሁለት እጃቸው መለሱላቸው።

ወይዘሮ አቭሪል ከዚያ በኋላ መድረክ አልወጡም። በሆስፒስ፣ በጽኑ ሕሙማን መንከባከቢያ ቤት፣ ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ግንቦት 17 ቀን 2023፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ እናታቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው በአጠገባቸው እንዳሉ ዐረፉ። ነርሶቹ ሲገቡና ሲወጡ ሁሉ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ያወዛውዙላቸው ነበር፤ «ስንት ዓመት ያጠራቀምሁት አለ፤ ጨርሼው ልሂድ» ይሉ ነበር።

ከኋላቸው እናታቸውን ወይዘሮ ኤድናን፣ ልጃቸውን ፊሊፓን፣ የልጅ ልጃቸውን ሮዋንን፣ እህታቸውን ኖሪንንና ሦስት ልጆቿን፣ እንዲሁም ስማቸውን የማናውቃቸውን ብዙ ተመልካቾቻቸውን ትተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለተንከባከቧቸው፣ ከሩቅ ለመጡት፣ ሾርባ ይዘው በራችንን ላንኳኩት ጎረቤቶች ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ አስከሬናቸው በዚህ ደጃፍ ይወጣል። የሰፈራችንን ደንብ የምታከብሩ፣ አክብሩት፤ ወይዘሮ ኤድናም ዛሬ በቤታቸው ልብስ እንዳይታጠብ አዝዘዋል። ነገር ግን መኪናው ሲነሣ እጁን ማወዛወዝ የሚወድ ሁሉ እንዲያወዛውዝ ቤተሰቡ ይለምናል። መጀመሪያ የሚያነሡት እናታቸው ናቸው፤ ቀዩን ጓንት በእጃቸው ይዘዋል።

ባሕርን የፈጠረ አምላክ የአቭሪልን ነፍስ በሰላም ወደብ ያሳርፍልን፤ አባታቸውም በኋላው መስታወት ዞረው ይዩአቸው። አሜን።