ሳይጠሩት አቤት የሚል ቦርድ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት ሃያ ቦርድ መጣ። እያንዳንዱ መዳፍ የሚያክል፣ በላስቲክ የተጠቀለለ። የመድኃኒት ፍሪጅ የሚቆጣጠሩ ናቸው፤ ሙቀት ይለካሉ፣ ሞተር ያስነሳሉ፣ ያጠፋሉ። አንዱን አውጥቼ መብራት ሰጠሁት። ጭጭ። ሁለተኛውን... ጭጭ። አቅራቢው ለካ ሳይነግረን የሜሞሪውን ዓይነት ቀይሮታል። ስለዚህ አምና ስንት ቀን የለፋሁበት የቡትሎደር ቅንብር ለዚህኛው አይሠራም። እንደገና ከሀ ሁ።

አለቃ በበሩ ብቅ አለና "አምና ሠርተሽው የለ? ትንሽ ነገር ናት" አለኝ። እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ትንሽ ነው። ሦስቱን ለሚቀጥለው ሰኞ ይፈልጋቸዋል፤ ሦስት ጤና ጣቢያ ላይ ለሙከራ ሊገጠሙ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጭጭ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ቦርዱን ከኮምፒውተሬ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ሰክቼ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። ግማሽ መስመር ይጽፍና ቀጥ ይላል። ሰላም ሊልህ አፉን ከፍቶ ሐሳቡን እንደሚቀይር ሰው። ናላዬ ዞረ።

ራት ላይ እናቴ፣ "ምንድን ነው እንዲህ ያስኮረፈሽ?" አለችኝ።

"ቡትሎደር።"

"እሱ ደግሞ ማነው?"

ሰው አይደለም አልኳት። ቦርዱ መብራት ሲያገኝ መጀመሪያ የምትነቃ ትንሽ ፕሮግራም ናት። ዋናውን ፕሮግራም ከእንቅልፉ ቀስቅሳ ሥራውን ታስረክበዋለች።

"ቀስቃሽ በይኛ።"

"አዎ፣ ቀስቃሽ።"

"እሷስ ካልነቃች ማን ይቀሰቅሳታል?"

እኔ ነኛ እማዬ... እኔ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ተነሳ። ሦስት ቀን የበላኝ አንድ አሃዝ ነው። የአምራቹ መመሪያ ላይ የሜሞሪው አድራሻ የተሳሳተ ተጽፏል። ያገኘሁት ደግሞ እኔ አይደለሁም። በያጃችን ነው፣ ጭምቱ፤ በቀን ከሦስት ቃል በላይ የማይወጣው። ጀርባዬ ቆሞ "መጽሐፉ ቢሳሳትስ?" አለና ወደ ካውያው ተመለሰ። ልቆጣው ነበር። መጽሐፍ እንዴት ይሳሳታል?

ተሳስቷል።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ቡትሎደሩ ዋናውን ፕሮግራም ከመቀስቀሱ በፊት ሦስት ሰከንድ ይቆጥራል። በዚያ መሃል በገመዱ በኩል አንዲት ፊደል ከደረሰችው ቆጠራውን ትቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። እኔ የምገባባት በር ናት። አለቃ ዝጊያት አለኝ፤ ፍሪጁ ቶሎ እንዲነሳ።

"ነገ ቢበላሽ በየት በኩል ልግባ?" አልኩት።

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ተውኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ሦስቱንም ገጥመን ተመለስን። የመጨረሻው ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍሏ ኃላፊ አደረቀችኝ። ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከግድግዳው ጀርባ የውሃ ፓምፕ ያጓራል።

"መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ይነሳል?"

"ይነሳል።"

"ሰው ሳይነካው?"

"እንዲያውም እንዳይነኩት።"

"ካልተነሳስ?"

"ይነሳል አልኩዎት እኮ።"

መነጽሯን አድርጋ አየችኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ስልክ። ከዚያችው ጤና ጣቢያ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ መጥቷል፣ ፍሪጁ ግን አልተነሳም። ጠዋት ሲከፈት ውስጡ ሞቋል። የሕፃናቱ ክትባት፣ የስኳር ሕመምተኞቹ መርፌ... ሁሉም ተጣለ። ክትባት ሊያስከትቡ የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተመለሱ። ሴትዮዋ አጥፍታ ስታበራው ወዲያው ተነስቷል።

ሌሎቹ ሁለቱ ደህና ናቸው። ቦርዱ አንድ ዓይነት፣ ቅንብሩ አንድ ዓይነት። እዚያ ብቻ ምን ተለየ?

ሰኞ፣ የካቲት 17

ስድሳ ጊዜ። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከቀሩት አሥራ ሰባት ቦርዶች በአንዱ ላይ ገመዱን ሰክቼ፣ ስክሪኑን እያየሁ፣ ስድሳ ጊዜ አጠፋሁ፣ ስድሳ ጊዜ አበራሁ። ስድሳውንም ተነሳ። ጣቴ ቆሰለ።

አለቃ ለጤና ቢሮው የሚላክ ሪፖርት ፈለገ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ቦርዱ ተፈትሿል። ጤነኛ ነው። በሰው እጅ የተነካ ይመስላል።

"ይመስላል"ን አለቃ ሰረዘው። ሲሰርዝ አየሁ፤ ዝም አልኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ደገመ። ዛሬም እዚያው። ደግነቱ በቀን ስለነበር ሴትዮዋ ቶሎ ደርሳበት መድኃኒቱ ተርፏል። ደወልኩላት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

"እባክዎን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ማን ነካው?"

"ማንም አልነካውም፣ ልጄ።"

"ሳይነካማ አይቆምም።"

"እኔም እኮ የምጠይቅሽ እሱን ነው። ሳይነካ ለምን ይቆማል?"

ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁት። እንዴት ያለች ግትር ሴት ናት።

ዓርብ፣ የካቲት 21

አለቃ ቡናውን እያማሰለ ነገረኝ፤ "ሴትዮዋን ከሥራ አግደዋታል። በሪፖርታችን መሠረት።"

በሪፖርታችን። እኔ እኮ አግዱ አላልኩም። ቦርዱ ጤነኛ ነው ነው ያልኩት። ሌላው የእነሱ ጉዳይ ነው... አይደለም?

ቤት ገብቼ ለእናቴ አወራኋት። ባላወራት ይሻለኝ ነበር።

"ልጆች አሏት?"

"አላውቅም።"

"ስንት ዓመት ሠርታለች?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እማዬ።"

"አታውቂም፤ ግን እንደነካችው ታውቂያለሽ።"

ሳህኑን እንዳለ ትቼ ተነሳሁ። ተናድጄ ነው። በማን እንደሆነ ግን ልለየው አልቻልኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ዛሬ ብዙ መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያዋ ሄድኩ። የሄድኩት ለፍሪጁ ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ያለው መክደኛ ልገጥም ነው። ሰው እንዳይነካው። መክደኛውን ያሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ እዚህ ልጻፈው፣ እንዳልረሳው።

የመድኃኒት ክፍሉን አሁን አንዲት ወጣት ነርስ ደርባ ይዛዋለች። መክደኛውን እየበሳሁ አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እሰየው አልኩ፤ ሲመጣ ራሱ ሲነሳ ለነርሷ አሳያታለሁ። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። አምፖሉ በራ። ከጀርባ ፓምፑ አጓራ። ፍሪጁ...

ጭጭ።

ማንም አልነካውም። ክፍሉ ውስጥ እኔና ነርሷ ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ከፍሪጁ ሁለት እርምጃ ርቀን ቆመናል። ነርሷ አየችኝ።

ላፕቶፔን አውጥቼ ገመዱን ሰካሁ። ቦርዱ አልሞተም። ቡትሎደሩ ነቅቷል፣ ቆጠራውን አቁሟል፣ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። የሆነ ሰው ፊደል ልኮለታል ማለት ነው። ማን? በምን? ገመዱን አሁን እኔ እስክሰካው ድረስ መሰኪያው ባዶ ነበር።

አጥፍቼ አበራሁት። ተነሳ። ደገምኩ። ተነሳ። እኔ ሳየው ጨዋ ነው።

ነርሷን የሴትዮዋን ቤት ጠየቅኳት። ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ሦስተኛው በር። ማንኳኳት ከብዶኝ ትንሽ ቆሜያለሁ። የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋች አገኘኋት። ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። ያ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

"ዛሬ እኔ ቆሜ እያየሁ አልተነሳም" አልኳት።

"አይነሳማ።"

"ያውቃሉ እንዴ?"

"ፓምፑ ቀድሞ ሲነሳ ነው የሚቀረው። ፓምፑ ጠፍቶ መብራት ከመጣ ፍሪጁ ደህና ይነሳል። አራት አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንዳንዴ ሮጬ አጥፍቼ ስለማበራው ሳይሰማባችሁ አልፏል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። "ደውለሽ የጠየቅሽኝ ማን ነካው ብለሽ ነው። ምን አየሽ ብለሽ መቼ ጠየቅሽኝ?"

ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት... እኔን ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ አንዷ ኮሌጅ ናት። ይህንን ጠይቄ ነው የመጣሁት።

መክደኛውን ፈትቼ ይዤው ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ገባኝ።

ገመዱን ነቀልኩ። በስድሳው ሙከራ አንድ ጊዜ እንኳ ነቅዬው አላውቅም ነበር። ጭምቱ መሰርሰሪያውን አምጥቶ ከቦርዱ አጠገብ እያስነሳ ያዘልኝ። ከሃያ ጊዜ ሰባቱን ቀጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሰኪያው ባዶ ሲሆን የቦርዱ መስሚያ ሽቦ የሚይዘው የለም፤ በአየር ላይ እንደ አንቴና ይቀራል። ትልቅ ሞተር አጠገቡ ሲነሳ ሽቦው ላይ ብጥብጥ ይፈጠራል። ቡትሎደሩ ያንን ብጥብጥ እንደ ፊደል ይሰማዋል። ሳይጠሩት አቤት። ከዚያ የማይመጣ ትእዛዝ ሲጠብቅ መድኃኒቱ ይሞቃል። ጠረጴዛዬ ላይ ግን ገመዱ ሁልጊዜ ተሰክቷል፤ ሽቦው የሚይዘው አለ። ስለዚህ እኔ ፊት ስድሳ ጊዜ ተነሳ።

በሯን ክፍት የተውኳት እኔ ነኝ። ልክ ነኝ ብዬ።

መፍትሔው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሽቦውን የምትይዝ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር፤ ጭምቱ በየዳት። ቅንብሩ ላይ ደግሞ ማንኛዋም ፊደል ሳትሆን እኔ የመረጥኩት ሙሉ ቃል ብቻ እንዲያስቆመው። መቶ ጊዜ ሞከርነው፤ መሰርሰሪያው እየጮኸ፣ ገመዱ ተነቅሎ። መቶውንም ተነሳ።

ጭምቱ ዛሬ አራተኛ ቃል ተናገረ። "ሴትዮዋስ?" አለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ለአለቃ ነገርኩት። ደስ አለው። "ጎበዝ። በመደበኛ ጥገና ስም ሦስቱን ቀይረሽ ነይ፤ አለቀ።"

"ሪፖርቱስ?"

"የቱ ሪፖርት?"

"ሰው ነክቶታል ያልንበት።"

በሩን ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። አሁን ተሳስተናል ብንል ጤና ቢሮው የቀሩትን አሥራ ሰባት ቦርዶች አይወስድም አለኝ። እዚህ ቤት ስድስት ሰው ይሠራል፣ ጭምቱም አባቱን ያስታምማል አለኝ። ሴትዮዋ በጊዜዋ ትመለሳለች አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን... ዳውላው ደግሞ ሰው ነው።

"አንድ ቀን ስጪኝ" ያለው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ቀኑ አለቀ። አልጻፈም። እኔ ጻፍኩ። ስድስት ጊዜ ቀደድኩት፤ በየመሃሉ "ነገር ግን" እየገባ አስቸገረኝ። ሰባተኛው አጭር ነው። ስህተቱ የቦርዱ ነው። ቦርዱን ያዋቀርኩት እኔ ነኝ። የመድኃኒት ክፍሏ ኃላፊ አልነካችውም፤ ችግሩን ያገኘችው እሷ ናት።

ለእናቴ አነበብኩላት። "መጨረሻ ላይ ያለው መጀመሪያ ይሁን" አለች። አስተካከልኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ቅጂውን አለቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ዋናውን ራሴ ጤና ቢሮ አድርሻለሁ። መዝገብ ቤት ያለው ሰው ማኅተም መታበት። ስመለስ አለቃ ቢሮው ውስጥ ነበር። ቀና አላለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

እግዱ ተነስቷል። ለሴትዮዋ የደረሳት ደብዳቤ ሁለት መስመር ነው፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። አሥራ ሰባቱ ቦርዶች እያንዳንዳቸው በጤና ጣቢያው ሠራተኛ ፊት ተሞክረው ካላለፉ አንቀበልም ብለዋል። አለቃ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ከዓርብ ወዲህ የሚያናግረኝ በጭምቱ በኩል ነው። ጭምቱ አስተርጓሚ ሆኖ ቃል ሊያልቅበት ነው።

አሰናብትሻለሁ አላለኝም። አላሰናብትሽም አላለኝም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

አዲሱን ቦርድ ይዤ እሷ ዘንድ ሄድኩ። መነጽሯን በክሩ አንጠልጥላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ቤት ውስጥ ስለማመደው የነበረው ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "አጠፋሁ" ብቻ ነው የወጣኝ።

"አጥፍተሻል" አለች። እሱን አልፋ "ግጠሚው፣ እስቲ ልየው" አለችኝ።

ገጠምኩት። ወረቀቱ ላይ ሙከራው አምስት ጊዜ ይላል። ነርሷን ፓምፑ ጋ አቁማ፣ እሷ የፍሪጁን ማብሪያ ማጥፊያ ያዘች። "አስነሺው" ብላ ትጣራለች፣ ፓምፑ ያጓራል፣ እሷ ታበራለች። ፍሪጁ ይነሳል። ታጠፋለች። ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አምስት ሞላ። አላቆመችም። አሥር። አሥራ አምስት። በየመሃሉ ፍሪጁ እስኪያርፍ ደቂቃ ይጠበቃል። በሩ ላይ መድኃኒት የሚጠብቁ ሰዎች መሰለፍ ጀመሩ።

ሃያ ሲሞላ "ይበቃ ይሆን?" አልኳት።

"ለአንቺ በቅቶሽ ይሆናል" አለች፤ ዓይኗን ከፍሪጁ ሳትነቅል። "እዚህ የማድረው እኔ ነኝ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዓቴን እያየሁ እቁነጠነጥ ነበር። ካርቶን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ምን ይታይዎታል?" አልኳት።

"ቆይ" አለች። "ገና እያየሁ ነው።"

ቆየሁ።